እትዬ አስካለ ደህና ናቸው

እትዬ አስካለ አልሞቱም። ነገሩን ከዚህ የምጀምረው ቢያንስ እናንተ እንድታምኑኝ ብዬ ነው። ያን ዕለት ከተክለ ሃይማኖት እስከ ሸማ ተራ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ይህንኑ ተናግሬያለሁ፤ ያመነኝ ግን አልነበረም። ጭራሽ «ደህና ናቸው» ባልኩ ቁጥር አንዷ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ አንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል።

ሥራዬ የቴሌቪዥን ኮሜዲ መጻፍና ማዘጋጀት ነው። ያኔ አገሩ ላይ ያለው ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር። የበዓል ዕለት ማታ ሰው ዶሮውን በልቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ «እስቲ አሁን አስቁን» ብሎ ይቀመጣል፤ የእኔን ሥራ ያልወደደ ሰው የሚዞርበት ሌላ ጣቢያ የለውም። ይህ ለጣቢያው ምቾት፣ ለእኔ መከራ ነበር። ሰው ከሳቀልኝ በማግስቱ ወያላው የፊት ወንበር ያስለቅቅልኛል። ካልሳቀ ያው ወያላ «ትናንት በዓላችንን ያበላሸው ይሄ ነው» ብሎ ለተሳፋሪው ሁሉ እያስተዋወቀኝ እስከ መርካቶ ይወስደኛል። ተዋናይ ሲጎድል አልፎ አልፎ እኔው ብቅ ስለምል ፊቴን ያውቁታል።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ተምሬ አይደለም። ያደግሁት ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ልጅ ሆኜ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች አነጋገርና አካሄድ እያስመሰልኩ እኩዮቼን አስቅ ነበር። አንድ ቀን የጋሼ ደምሴን አካሄድ ሳስመስል ራሳቸው ጋሼ ደምሴ ከኋላዬ ቆመው ደረሱብኝ። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና ሲጨርሱ ጆሮዬን ጠመዘዙኝ። የመጀመሪያ ተመልካቼም የመጀመሪያ ገምጋሚዬም እሳቸው ናቸው ማለት ነው። አባት የሌለኝ ልጅ ስለነበርኩ በየበዓሉ አዲስ ልብስ የሚያለብሱኝም እሳቸው ነበሩ።

ጋሼ ደምሴ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ። ቁጡ ናቸው። ጋቢውን አገላብጦ፣ በፀሐይ አይቶ፣ አሽትቶ ሳይገዛ የሚሄድ ደንበኛ ካጋጠማቸው እስከ ምሳ ድረስ ይንጨረጨራሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ልባቸው ታመመና ሐኪሙ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ጠርቶ፣ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳያገኛቸው፣ በተለይ ክፉ ወሬ በድንገት እንዳይሰሙ አስጠነቀቀ። መርካቶ ውስጥ እየነገዱ አለመደንገጥ እንዴት እንደሚቻል ግን አልነገራቸውም።

ይህንን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ደጃቸው ላይ የለቅሶ ድንኳን የተከልኩት።

ለምን መሰላችሁ? ለገና የጻፍኩት ኮሜዲ የማያውቀው ሰው ለቅሶ ቤት እየዞረ ስለሚበላ አንድ ሆዳም ነው። ያለ ድንኳን አይሆንም። እኔ ደግሞ አንድ አመል አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ እውነተኛ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌላው አዘጋጅ ሸራ ወጥሮ ድንኳን ነው ይላል፤ እኔ የሰፈሩን እድር ለምኜ የእድሩ ስም በትልቁ የተጻፈበትን ድንኳን፣ ከነአግዳሚ ወንበሩ፣ ከነብረት ድስቱ አስወጣሁ። ያ አልበቃኝም። የእድሩን ጡሩንባ ነፊ ራሱን ሆኖ እንዲተውንልኝ ቀጠርኩት።

ለቦታው እትዬ አስካለን ሳነጋግራቸው ዓይናቸው በራ። ደጃቸው ሰፊ ነው፣ ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ወጥተዋል፣ ቀን ቀን ብቻቸውን ነው የሚውሉት።

«ደምሴ ግን እንዳይሰማ» አሉኝ። «በደህና ሰው ደጅ ድንኳን አይቶ ሟርት ነው ብሎ አገር ይያዝልኝ ይላል። ጠዋት ከወጣ እስከ ማታ አይመለስም፤ እስከዚያ ጨርሱና ንቀሉ። ደግሞ እኔም ላልቅስ።»

«እርስዎ ያልቅሱ?»

«ምን ችግር አለው? ከእኔ የተሻለ የሚያለቅስ ታመጣለህ?»

አላመጣም። በሰፈራችን እትዬ አስካለ ያላለቀሱለት ሟች በወጉ የተሸኘ አይመስልም። በደስታ ተስማማሁ።

ቀረጻው ዕለት እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አውርደው የድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ። አንድ አስለቃሽ ስለቀረብኝ እኔም ጥቁር ኮት ለበስኩ። ጡሩንባ ነፊው ግን አስቸገረኝ።

«ሟች ማን ይባል?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም፤ ድራማ ነው።»

«ስም ሳልጠራ ነፍቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ሳትጠራ ንፋ። አንድ ስም ብንጠራ የዚያ ስም ባለቤት ነገ ሊከሰን ይችላል።»

የሠራሁት ብልሃት መስሎኝ ነበር። የማይታወቅ ሰው ስም ቢጠራ ኖሮ ሰፈሩ «ይሄ ደግሞ ማን ነው?» ብሎ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ስም ያልሰማ ሰው ግን በሩን ከፍቶ አንገቱን ያወጣል። ሲያወጣ ድንኳኑን ያያል። ድንኳኑ ጋሼ ደምሴ ደጅ ነው፤ ጋሼ ደምሴ ጠዋት በእግራቸው ወደ ሱቅ ሲሄዱ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል። እቤት የቀረው ማን ነው? መልሱን ለማግኘት ብዙ ትምህርት አይጠይቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ለቅሶ ቤት ሄዶ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ነውር ነው። ትገባለህ፣ ትቀመጣለህ፣ እጅህን አገጭህ ላይ ታደርጋለህ፣ የሚለቀስ ከሆነ ታለቅሳለህ። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ እየገባ አግዳሚ ወንበሬን ሞላው። የእኔ ተከፋይ አስለቃሾች አዲስ የገቡት ከእነሱ በላይ ሲያለቅሱ አይተው ተበሳጩና ድምፃቸውን ጨመሩ። ለቅሶው ደመቀ። እኔ ከካሜራው ጎን ቆሜ እጄን እያፋተግሁ፣ ይህን የመሰለ ተዋናይ ከየት ነው የሰበሰቡልኝ እላለሁ።

በተለይ አንዲት ሴትዮ። ደረታቸውን እየደቁ፣ «እህቴን! እህቴን!» እያሉ ገቡ። ድምፃቸው ማይኩን መታውና የድምፅ ባለሙያው ግርማ ማዳመጫውን ከጆሮው ነጠቀ።

«ካት!» አልኩ። «እናቴ፣ በጣም ግሩም ነው። ብቻ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት።»

ሴትዮዋ ለቅሷቸውን አቋርጠው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ምን ዓይነት ልጅ ነህ አንተ? ለአስካለ ዝቅ አድርጌ ላልቅስ?»

«አስካለ? ስክሪፕቱ ላይ አስካለ የምትባል የለችም።»

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ነጠላ ተገለጠ። «አቤት! ማን ነው የሚጠራኝ?»

ሴትዮዋ የጓሮ ጎረቤታቸው እትዬ በላይነሽ ነበሩ። አማተቡ። ደግመው አማተቡ። ከዚያ ሄደው እትዬ አስካለን አንገታቸውን አንቀው ሳሟቸው፤ ስመው ሲጨርሱ በነጠላቸው ጫፍ መቷቸው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሳቄ እሱ ነው፤ ምክንያቱም እትዬ በላይነሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ወይኔ ጉዴ! ባለቤቴ ለሐጂ ነስሩ ደውሎ ነግሯቸዋል! ደምሴን ሊያረዱት ነው!»

ሐጂ ነስሩ ከጋሼ ደምሴ ሱቅ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ የልብ ወዳጃቸው ናቸው። መርዶ የሚነግር ሰው ካስፈለገ ሸማ ተራ የሚልከው እሳቸውን ነው። እትዬ አስካለ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልቡ!» አሉ።

ወደ ቤት ገብተን ሱቅ ደወልን። ስልኩ ተይዟል። በገና ሰሞን የሸማ ተራ ስልክ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል? ሞባይል ያኔ ገና በየሰው ኪስ አልገባም ነበር። «እርስዎ እየደጋገሙ ይደውሉ፤ እኔ ሮጬ እደርሳለሁ» አልኩና ወጣሁ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ለምን እሳቸውን ይዘህ አልሄድክም? እውነት ነው፣ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መሮጥ አይችሉም። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም። እኔ በቃል የምኖር ሰው ነኝ። ቃሌን የተቀበለ አገር ሙሉ ሰው ሲስቅ አይቻለሁ፤ ለአንድ ሽማግሌ «ሚስትዎ ደህና ናቸው» ማለት ምን ይከብዳል ብዬ ነው። እየሮጥኩ ዞሬ ለግርማ ምን እንዳልኩትም ልንገራችሁ። «ድንኳኑ እንዳይነሳ! አንድ ሾት ይቀረናል!» ነው ያልኩት። ሰው እንዲህ ነው፤ ቤቱ እየተቃጠለ ጫማውን ይፈልጋል።

ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሸማ ተራ መሮጥ ማለት ከገና ገበያተኛ ጋር ግብግብ መግጠም ነው። ጋሪ፣ ተሸካሚ፣ በግ የሚጎትት ሰው፣ የቆመ ሚኒባስ። «ዞር በሉ! ሰው ሊሞት ነው!» እላለሁ። ፊቴን የሚያውቁት ይስቃሉ። ጀርባው ላይ የልብስ ቦንዳ የተሸከመ ጎልማሳ ከነሸክሙ ቆሞ፣ «ካሜራው የታለ?» አለኝ። «ካሜራ የለም! እውነቴን ነው!» ስል አብሮት ላለው ሰው፣ «አየህ፣ ጎበዝ ተዋናይ እኮ ነው» አለው። እንዲያ የተመሰገንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ግን ማልቀስ አማረኝ። ጋሼ ደምሴ ደረታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ሲዘረጉ ይታየኛል። በልጅነቴ ያለበሱኝን ልብስ ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወስኩ ነው የሮጥኩት።

ደረስኩ። ሱቁ በር ላይ ነጋዴዎች እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ተኮልኩለዋል። ውስጥ ጋሼ ደምሴ አንድ ነጠላ እያጠፉ ነው፤ ሐጂ ነስሩ አጠገባቸው ተቀምጠው ገና የነገሩን ዙሪያ ይዞራሉ።

«ደምሴ፣ ዛሬ ቶሎ ብንዘጋስ?»

«በገና ሰሞን ምን ሆኜ ነው የምዘጋው?»

«ያው ሰው እንደሆነ ይደክማል ብዬ ነው።»

ተመስገን፣ ገና አልነገሯቸውም! በሰዎቹ መሃል ሰንጥቄ ገባሁ። ጥቁር ኮት እንደለበስኩ፣ ላብ ከፀጉሬ እየወረደ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ።

«ጋሼ! እትዬ አስካለ ደህና ናቸው!»

ጋሼ ደምሴ እጃቸው ላይ ያለውን ነጠላ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆኑም!»

«ታዲያ ደህና ናት ወይ ብዬ መቼ ጠየቅኩህ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር ክፉ ሲደርስ ማንም ክፉ አይናገርም። «ትንሽ አሟቸው ነው»፣ «ሐኪም ቤት ናቸው፣ አሁን ተሽሏቸዋል»፣ «ደህና ናቸው» ነው የሚባለው፤ ሰሚው ቀስ እያለ ራሱ ይደርስበታል። ሳይጠየቅ «ደህና ናቸው» ብሎ ጥቁር ለብሶ የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚያወራ ሸማ ተራ አሳምሮ ያውቃል። ከበሩ በኩል አንዲት ደንበኛ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ አየሁ። ሐጂ ነስሩ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«ጎበዝ፣ ደግ አደረግክ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ግን ቸኮልክ። እቤት ወስደን፣ አስቀምጠን፣ ቀስ ብለን ነው።»

«ሐጂ፣ የሚነገር ነገር የለም! አልሞቱም!»

ጮክ ብዬ ነበር። ሞት የሚለው ቃል በዚያ ሱቅ ውስጥ እስከዚያች ደቂቃ አልተጠራም፤ የጠራሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ደምሴ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። ከንፈራቸው አመድ መሰለ። አንዱ ነጋዴ ወንበር አቀረበ፣ ሌላው ከኪሳቸው ኪኒናቸውን አወጣ፣ ሐጂ «አብሽር ደምሴ፣ አብሽር» እያሉ ጀርባቸውን ያሻሉ። አብሽር ሲባል ደግሞ ነገሩ አለቀለት፤ ለደህና ሰው አብሽር ማን ይላል?

«ስልክ!» አልኩ። «ራሳቸው ያናግሯቸዋል!»

ደወልኩ። ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ። ተይዟል። እትዬ አስካለ እየደጋገሙ ይደውሉ ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ወደ እኛ ሲደውሉ እኛ ወደ እሳቸው እንደውላለን፣ ሁለታችንም እንዘጋና ሁለታችንም እኩል እንደገና እንደውላለን። ሐጂ ነስሩ ማዳመጫውን ከእጄ ተቀብለው ሰሙና በቀስታ መለሱት።

«ለዘመድ እየደወሉ ነው» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ጋሼ ደምሴን ደግፈን የሐጂ ፒክአፕ ውስጥ አስገባናቸው። ሱቁ ተዘጋ። ሐጂ ይነዳሉ፣ ጋሼ ደምሴ መሃል፣ እኔ በሩ በኩል። መንገዱ አይንቀሳቀስም። ሐጂ ክላክሱን ይጫናሉ፣ ፊት ለፊታችን የቆመው ሚኒባስ ወያላ «ተክልዬ! ተክልዬ!» እያለ ተሳፋሪ ይጠራል። ጋሼ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ትንፋሻቸውን እየሰማሁ፣ አንዱ ትንፋሽ ከቀጣዩ ጋር እንዳይራራቅ እየጸለይኩ ነው።

«ጋሼ» አልኩ፤ «በተክልዬ እምላለሁ፣ ደህና ናቸው።»

«በተክልዬ አትማል ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ኋላ ይከፋሃል። አልተቀየምኩህም። እኔም ለሰው ደብቄ አውቃለሁ። የነስሩ እናት የሞቱ ጊዜ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ደህና ናቸው ነው ያልኩት፤ አይደል ነስሩ?»

«አዎ» አሉ ሐጂ፣ መሪያቸውን እንደያዙ። «ላብህም ልክ እንደዚህ ልጅ ነበር።»

ደህና ናቸው ብል ሞተዋል ነው፤ ዝም ብልም ሞተዋል ነው። ዕድሜ ልኬን ቃል ስሸጥ ኖሬ አንድ የሚገዛ ቃል አጣሁ። ተስፋዬ ሁሉ እቤት መድረስ ላይ ነበር፤ በሩ ይከፈታል፣ እትዬ አስካለ ብቅ ይላሉ፣ ያበቃል።

የሰፈሩን መታጠፊያ ስንዞር ፊት ለፊታችን ድንኳኑ ቆሟል።

ግርማ ታማኝ ልጅ ነው፤ እንዳይነሳ ብዬዋለሁ፣ አላነሳም። እንዲያውም ወሬውን ከሸማ ተራ የሰሙ አዳዲስ ለቅሶ ደራሾች ደርሰው ድንኳኑ ሞልቶ ውጭ ድረስ ተርፏል። የፊተኞቹ ድራማ ነው ቢሏቸውም አላመኑም፤ ሐዘንተኛ እንዳይደነግጥ የተባለ ነው ብለው አብረው ያለቅሳሉ።

ጋሼ ደምሴ ድንኳኑን አዩ። መኪናው ሳይቆም በሩን ሊከፍቱ ታገሉ። ወረዱ። ሐጂ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ክንዳቸውን ያዝን።

«አስካለ!» አሉ። ያን ቁጡ ድምፅ እንዲያ ተሰብሮ ሰምቼው አላውቅም። «ሻይሽን ትቼው ወጣሁ! ቀዝቅዟል ብዬ ተቆጥቼሽ፣ አፌን ሳላስነካው ወጣሁ! አሁን ማንን ልቆጣ? አስካለ፣ ማንን ልቆጣ?»

ድንኳኑ በሙሉ ተነስቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሰውዬውን ገደልኳቸው ብዬ ነው ያለቀስኩት። ካሜራማኑ ተጠግቶ በጆሮዬ፣ «ልቅረጸው?» አለኝ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ አጥፋ አልኩ።

የግቢው በር ተከፈተ። እትዬ አስካለ ወጡ፤ ጥቁሩ ልብስ እንደለበሱ፣ በጣም ተቆጥተው።

«ደምሴ! መጀመሪያ ስልክህ ተይዟል፣ ቀጥሎ የሚያነሳው ጠፋ! ከማን ጋር ስታወራ ቆይተህ ነው?»

ጋሼ ደምሴ አዩዋቸው። ተዝለፍልፈው ወደ ታች ጎተቱን። አግዳሚ ወንበር ላይ አሳረፍናቸው። እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ረስተው ሮጡ፤ ኪኒኑን ምላሳቸው ሥር አደረጉላቸው። ሐጂ ነስሩ በቆባቸው ያራግባሉ። የጋሼ ደምሴን ደረት እያየሁ ነው፤ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይቆያል፣ ይነሳል።

ብዙ ከቆዩ በኋላ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እትዬ አስካለ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ሻይ አለ?» አሉ።

«የጠዋቱ ነው ያለው፤ ቆይ ላሙቅልህ።»

«እሱኑ አምጪው።»

ብርጭቆውን ተቀብዬ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ፤ ልክ እንደ ጉድጓድ ውኃ ቀዝቅዟል። እስከ ታች ጠጡት። «ምን ሆነ? አልቀዘቀዘም እኮ» አሉ። እትዬ አስካለ ፊታቸውን አዞሩ። ያን ቀን ከልባቸው ያለቀሱት ያኔ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ጋሼ ደምሴ ድንኳኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ የተከልከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በእኔ ደጅ?»

«አዎ።»

ጆሮዬን አዘጋጀሁ። አልጠመዘዙኝም። «ንቀለው» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ቢጠመዝዙኝ ይሻል ነበር።

የቀረውን ሾት አልቀረጽኩም። ሥራው ጣቢያው ውስጥ ለግምገማ ሲቀርብ አንዱ ገምጋሚ መልእክቱ ግልጽ አይደለም አለ። ሌላው ደግሞ አንዲት ደረቷን የምትደቃ አስለቃሽ እንዳለች ጠቅሶ፣ «እጅግ ተጋኗል፤ በእውነተኛ ለቅሶ ማን እንዲህ ያለቅሳል?» አለ። እትዬ በላይነሽን ቆርጬ አወጣኋቸው። በገና ማታ ሰው ሳቀ ተባለ፤ ወያላው የፊት ወንበር ሰጠኝ። ምንም ደስ አላለኝም። ጋሼ ደምሴ አላናገሩኝም። እቤታቸው ስሄድ ተኝተዋል እባላለሁ፤ በሱቃቸው ሳልፍ ጋቢ ያጥፋሉ፣ ዓይናቸውን አያነሱም። ልባቸው ከዚያ ቀን ወዲህ እንዴት እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለ ሐጂ ነስሩ ገቡ። ቢሮዬ መጥተው አያውቁም። ተነስቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ሻይ ልዘዝ ብል እንቢ አሉ። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ወለሉን እያዩ፣

«ደምሴ ደህና ነው» አሉኝ።

አልጠየቅኳቸውም ነበር።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩን ክፍት ትቼ፣ ኮቴን ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። ታክሲው መንገድ ተዘግቶበት አልንቀሳቀስ ሲለኝ ወርጄ ሮጥኩ። ያን ጊዜ የሳቀብኝም ይኑር፣ ካሜራው የታለ ያለኝም ይኑር አላየሁም። ይቅርታ ሳልላቸው፣ ይቅርታ ሳልላቸው እያልኩ ነው የምሮጠው፤ ድምፅ አውጥቼ ይሁን በሆዴ አላውቅም። የሸማ ተራ ሱቆች ሁሉ ነጭ በነጭ ሆነው በእንባዬ ውስጥ ይዋኛሉ።

ጋሼ ደምሴ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አጠገባቸው ሌላ ብርጭቆ ሻይ ተቀድቶ ይተናል።

ቆምኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ላቤን፣ ዓይኔን፣ ኮት የሌለው ትከሻዬን።

«ሮጥክ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አለቀስክ?»

በእጄ ጀርባ ፊቴን ጠረግሁ። «አዎ።»

«ነስሩ ምን አለህ?»

«ደህና ናቸው አሉኝ።»

«ታዲያ ደህና ነው ከተባልክ ምን አስሮጠህ?»

እጃቸውን ዘርግተው ጆሮዬን ያዙና ጠመዘዙት፤ እንደ ድሮው፣ ሳይሳሱ፣ ከሥሩ። ሲለቁኝ በጣታቸው አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር አሳዩኝ።

«ቁጭ በል። ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»